በጀርመን አገር የሚያስተምር ኢትዮጵያዊና በዓለ ልደት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሰው ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ምድር ሲያስተምር፥ ልቡ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በበዓል ቀን ነው። ኢትዮጵያውያን በጀርመን አገር ማስተማር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1652 ዓ.ም. አባ ጎርጎርዮስ በጎታ ከተማ ተቀምጠው ሂዮብ ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ አስተማሩት፤ እርሱም ኋላ የሁለቱን ቋንቋዎች ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። በ1905 ዓ.ም. ደግሞ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ከዐፄ ምኒልክ ተልከው በበርሊን በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አስተማሩ።

በሁለቱ መምህራን ዘመን መካከል ግን የቀን ቈጠራው ተለወጠ። የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 ዓ.ም. ያወጡትን አቈጣጠር የጀርመን ፕሮቴስታንት መሳፍንት እስከ 1700 ዓ.ም. አልተቀበሉትም ነበር። ስለዚህም በአባ ጎርጎርዮስ ዘመን የጎታ ሰዎች ልደትን የሚያከብሩት ኢትዮጵያ በምታከብርበት በዚያው ዕለት ነበር። አለቃ ታየ በርሊን በነበሩበት ጊዜ ግን ልዩነቱ 13 ቀን ደርሶ፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. የጀርመኖች ልደት ታኅሣሥ 16 ቀን ዋለ። እንግዲህ የዕለቱ ቍጥር ተለያየ እንጂ የተወለደው ጌታ አንድ ነው።

ጀርመኖች ከልደት በፊት ያሉትን 4 እሑዶች አድቬንት ይሏቸዋል፤ ትርጓሜውም መምጣት ማለት ነው። በለምለም ቅጠል ጉንጉን ላይ 4 ሻማ አኑረው በየእሑዱ አንድ አንድ እየጨመሩ ያበራሉ። ይህን ልማድ በ1839 ዓ.ም. በሐምቡርግ ያስጀመሩት ዮሐን ሂንሪክ ቪኸርን የሚባሉ የሃይማኖት መምህር ናቸው፤ ያስጀመሩትም የሚያሳድጓቸው የድኾች ልጆች ቀኑን እንዲቈጥሩበት ነው።

የዋዜማው ማታ ሲደርስ ሱቁ ይዘጋል፤ ጐዳናው ጭር ይላል፤ እያንዳንዱም ከቤተ ሰቡ ጋራ በጥዱ ዛፍ ዙሪያ ይሰበሰባል። እንግዳው መምህር ያን ጊዜ ብቸኝነቱን ያውቃል። ደግ ሰው ጠርቶ ከማዕድ ቢያስቀምጠውም የዝይ ሥጋና በቅቤ የተጋገረ ጣፋጭ ይቀርብለታል፤ እርሱ ግን ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ በጾመ ነቢያት ነው። ትቶ ቢሄድ ደጉን ሰው ያሳዝናል፤ ቢበላ ሕሊናው ይወቅሰዋል። አስተዋይ መምህር ከማዕዱ ተቀምጦ፥ ባለቤቶቹን መርቆ፥ ዳቦና ፍሬ ቈርሶ፥ የጾሙን ምክንያት በትሕትና ያስረዳል። እነርሱ በሻማ፥ እርሱ በጾም የጠበቁት አንዱን ልደት ስለ ሆነ፥ ነገሩ ሳይገባቸው አይቀርም። ያም ማታ ከትምህርት ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛው ፈተና ይመጣል። በብዙ ቤት ዛፉ የሚነሣው የሰብአ ሰገል በዓል በሚከበርበት በጃንዋሪ 6 ቀን ነው፤ የኢትዮጵያዊው ሌሊት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። ማግሥቱ በዚያ አገር በዓል ሆኖ አይቈጠርም። በሌላው በዓል ያረፈው መምህር በገዛ በዓሉ ከሰሌዳ ፊት ይቆማል። በአለቃ ታየ ዘመን በበርሊን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ዛሬ ግን በጀርመን ከተሞች አብያተ ክርስቲያናት ስላሉ ሌሊቱን አስቀድሶ ጧት ወደ ሥራው የሚሄድ አለ።

ስለዚህ ልጁን ወደዚያ የሚልክ ወላጅ ሁለት ነገር ይምከረው። በእነርሱ በዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት አይስነፍ፤ የራሱንም ጾምና በዓል አያፍርበት። በታኅሣሥ 29 ቀን ግን ለእርሱ «እንኳን አደረሰህ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። በዚያ ቀን ባልንጀሮቹ ሥራ ላይ ናቸውና ይህ የወላጁና የደብሩ ድርሻ ነው። ደብሩ ኢዮቤልዩውን ሲያከብር ይህን ድርሻ ያስብ፤ በልደት ሌሊት በባሕር ማዶ ያሉትን ልጆቹን በጸሎት አይርሳ፤ ጧትም ድምፁን ያሰማቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።