ሮጦ የሚድን የለም



እኛ ለገዳዲ የምንኖር ሰዎች የሚቀሰቅሰን ሰዓት አያስፈልገንም። ገና ጎህ ሳይቀድ የሯጮቹ ኮቴ ይቀሰቅሰናል። ከሱሉልታ እስከ ሰንዳፋ ያለው ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው፤ ሰውነት ግን ቀስ በቀስ ይለምደዋል፣ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። ይህ በአንድ ቀን አይመጣም። ስለዚህ ልጆቹ ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም መጥተው፣ ለአራት ለአምስት አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ማንም ሳያያቸው ዓመታት ይለፋሉ።

ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ ሯጭን ምሳሌ አድርጎ፣ ለሚጠፋ አክሊል እንዲህ ራሱን የሚገዛ ካለ እኛ ለማይጠፋው እንዴት እንሰንፋለን ብሎ ይሞግተናል። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ! ዛሬ ግን ጥፋቴን ልንገራችሁ።

አንድ ሯጭ ወንድም ነበረን። እሁድ እሁድ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። እኔም በር ላይ ጨብጬው፣ «እሺ የኛ ጀግና፣ አሸነፍክ?» እለዋለሁ። ፍቅር መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን መምጣት ተወ። ከወራት በኋላ ቤቱ ሄድኩ። ለካ ጅማቱ ተጎድቶ ልምምድ ካቆመ ሰንብቷል። ለእናቱ ግን በስልክ «እየሮጥኩ ነው» ይላታል። ሊሰደድ ልብሱን ሸክፏል። «ፓስተር፣ እናንተ ጋ የሚፈለገው እኮ ያሸነፈ ሰው ነው» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን ንስሐ የገባሁት እኔ ነኝ።

በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ የበቆጂዋ ልጅ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትሩን አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን ጠብቃ አቀፈቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ወርቁ አንድ ነበር፤ እቅፉ ግን ለተሸነፈችውም ደረሰ።

ኢየሱስ ከዚህ ይበልጣል። ዕብራውያን 12 ዓይናችንን እርሱ ላይ እንድናደርግ ይነግረናል። እርሱ ሩጫውን ጨርሷል፤ ግን መጨረሻው ላይ ቆሞ ብቻ አይጠብቅም። አንክሶ መንገድ የቀረውን ፍለጋ ይመለሳል።

ታዲያ አንሩጥ ማለቴ ነው? በፍጹም! ሰው ሮጦ አይድንም፤ ድኖ ይሮጣል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ያ ወንድም ሻንጣውን ፈታ። ለእናቱም እውነቱን ነገራት፤ እሷም «ዋናው አንተ ደህና ሁንልኝ» አለችው። ሜዳሊያ አላመጣም። ጅማቱ ሲሻለው ግን ባሕር ዛፉ ውስጥ ከፊት ሆኖ ለታናናሾቹ መንገድ ይመራ ጀመር፤ እነሱም እግሩን እያዩ በሰልፍ ይከተሉታል።

ነገ ማለዳ በደጃችሁ የሚያልፈውን ልጅ «አሸነፍክ?» አትበሉት። «ቁርስ በላህ?» በሉት።

አንተም በዚያች ጠባብ ክፍል ሆነህ የምትሰማኝ፣ ጌታ የሚወድህ ሰዓትህን አይቶ አይደለም። እንዳለህ ና። ለእናትህም ዛሬውኑ ደውልላት።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።