የጨጓራ ካንሰር ለምን ይሰራጫል?

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ

አረካ ገበያ ውስጥ «ጨጓራዬን ያመኛል» የማይል ሰው ማግኘት ይቸግራል። አብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ አትደንግጡ። ዛሬ የምናነሳው ግን ካንሰር የሆነው ከጨጓራ ወጥቶ ወደ ጉበትና ወደ ሌላ አካል ለምን እንደሚሄድ ነው። በአብዛኛው የሚገድለው ስርጭቱ ነውና።

ነገሩ ያለው ፕሮቲን ላይ ነው። ፕሮቲን ሲባል እንቁላልና ባቄላ ብቻ አይምሰላችሁ። ሰውነታችን ራሱ በየሴሉ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን ይሠራል። የትኛው እንደበዛ፣ የትኛው እንደጠፋ የካንሰሩን ጠባይ ይለውጠዋል።

አንዱ ኢ-ካድሄሪን ይባላል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ሥራውን እናውቀዋለን። የጓሮ አጥር ስናጥር እንጨቱን ከእንጨት የምናስረው በእንሰት ቃጫ አይደል? ኢ-ካድሄሪን የጨጓራን ሴሎች እርስ በርስ የሚያስር ቃጫ ነው። ቃጫው ሲበጠስ እንጨቱ ሳይሰበር አጥሩ ይላላል። ሴሉም እንዲሁ ከጎረቤቱ ተለይቶ፣ አንድ በአንድ እያለ በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋል። እንዲህ የሚሄደው ካንሰር ጎልቶ የሚታይ እብጠት ላይኖረው ይችላል፤ ግድግዳው ብቻ እየደነደነ ይሄዳል። ዘግይቶ የሚታወቀውም ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች በኒውዚላንድ የማኦሪ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ሰው በጨጓራ ካንሰር ያለቀው ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘር ተበላሽቶ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ መሆኑን አሳዩ። ይህ ዘር ያለባት ሴት የጡት ካንሰርም ያሰጋታል። እንዲህ ያለው ጥቂት ነው። ቢሆንም በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው በጨጓራ ካንሰር ከሞተ ለሐኪም መንገር ይገባል።

ሌሎቹ ፕሮቲኖች ችግር የሚሆኑት ሲበዙ ነው። አንዱ በሴሎቹ ዙሪያ ያለውን እየቆረጠ መንገድ ይከፍታል፤ አንዱ አዲስ የደም ሥር ወደ እጢው ይስባል። ሄር-ቱ የሚባለው ሴሉን «ተባዛ፣ ተባዛ» ይለዋል። ከአምስት ወይም ከስድስት ሕመምተኛ በአንዱ ላይ ከልክ በላይ ይገኛል። ለእነዚህ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ በሽታው በተስፋፋባቸው ሰዎች ላይ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ ዕድሜያቸው ከ11 ወር ወደ 14 ወር ገደማ ደርሷል። ፈውስ ነው አንልም። ልጆች ላሏት እናት ግን ሦስት ወር ትንሽ አይደለም።

ለእኛ ለሴቶች አንድ ነገር እንጨምር። ከጨጓራ የወጡ ሴሎች የሴት እንቁላል የሚሠራበት ቦታ፣ ኦቫሪ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። እዚያ የተገኘ እጢ ሁሉ መነሻው እዚያው አይደለም።

«ዳጣ አቃጥሎኝ ነው» የምንለውስ? ዳጣ ያቃጥላል፣ እውነት ነው፤ ከዳጣው ይልቅ የሚያሳስበን ግን ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በአገራችን ከሰው ግማሽ ያህሉ ይዞታል፤ ካንሰር የሚሆንበት ጥቂቱ ቢሆንም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል። አንዳንዱ ዝርያ የራሱን ፕሮቲን እንደ መርፌ ወደ ሴላችን ወግቶ ያንኑ ቃጫ ያላላል። በሰገራ ምርመራ ይገኛል፣ በመድኃኒትም ይጠፋል። ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ቀለል ሲል ኪኒኑን ለጎረቤት ማካፈል ግን ይቅር፤ የታዘዘው እስከ መጨረሻው ይዋጥ።

ካንሰር መሆኑ የሚታወቀው በኢንዶስኮፒ ናሙና ተወስዶ ነው። የትኛው ፕሮቲን እንደበዛም የሚታየው ናሙናው ላይ ነው፤ ይህኛው ምርመራ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ያለምክንያት የከሳች፣ ሰገራዋ የጠቆረ፣ ምግብ አልወርድ ያላት፣ ጥቂት በልታ የምትጠግብ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሳት እህት ኪኒን እየገዛች ወራት መቆየት የለባትም።

እዚህ ላይ ኮሚቴያችን ሐሳብ አለው። ሳጥናችን የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው፤ ለድንኳንና ለንፍሮ። ወደ ሶዶም ሆነ ወደ ሐዋሳ ሪፈር ተጽፎላት የመኪናና የምርመራ ገንዘብ ያጣች አባል ግን ከዚያው ሳጥን ያለ ወለድ ትበደር እንላለን። ለሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል፤ ስንት ብር ይመደብ የሚለውን ከገንዘብ ያዣችን ጋር ተነጋግራችሁ ኑ።