በሩቁ ስለሚደረግ የአእምሮ ሕክምና



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሐኪሞችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ሕመምተኛው በአንድ አገር፥ ሐኪሙ በሌላ አገር ሆነው በስልክና በቪዲዮ ስለሚደረገው የአእምሮ ሕክምና ነው። መምህሩ ግን ሳይጠራ የሚገባበት ነገር መሆኑን ወደ ኋላ አሳያለሁ።

ምሳሌዬን ከካርቱም እወስዳለሁ። የመጀመሪያው ሱዳናዊ የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ቲጃኒ አልማሒ እ.ኤ.አ. በ1950 በሰሜን ካርቱም የነርቭ ሕሙማን ክሊኒክ አቋቋሙ። እኒህ ሰው በእንግሊዝ አገር ተምረው ቢመለሱም የአገራቸውን የዛር ልማድ መረመሩት እንጂ እንደ ተራ ድንቁርና አልናቁትም። ዛርን እኛም እናውቀዋለንና ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ እንግዳ አይሆንም። ሕመምተኛው በእሳቸው ዓይን ከቤተ ሰቡና ከመንደሩ ተነጥሎ የሚታይ ፍጡር አልነበረም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ሐኪሙም ሕመምተኛውም፥ መምህሩም ተማሪውም ተበተኑ። ከፊሉ ወደ ፖርት ሱዳን፥ ከፊሉ ወደ ካይሮ ሄደ፤ ከፊሉም በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገባ። ሐኪሙ ካይሮ፥ ሕመምተኛው መተማ ቢሆን፥ በስልክ ከመነጋገር ሌላ ምን መንገድ ይቀራቸዋል? ስለዚህ ይህን ሕክምና በጅምላ የሚያወግዝ ሰው ለእነዚህ ሰዎች ያዘጋጀው ምትክ ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ መልስ ያጣል።

የመሣሪያው መሥራትስ ካጠራጠረ ቈይቷል። እ.ኤ.አ. በ1959 የአሜሪካ የነብራስካ ሐኪሞች ድምፅና ምስል ወዲያና ወዲህ በሚያመላልስ ቴሌቪዥን ለአእምሮ ሕክምና ተገልግለዋል። አሁንም የሚያስጨንቀው፥ ከሐኪሙና ከሕመምተኛው ሌላ የሚሰማው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

በፊንላንድ ቫስታሞ የተባለ የሥነ ልቡና ሕክምና ድርጅት መዝገብ ተሰርቆ፥ እ.ኤ.አ. በ2020 ሌባው «ገንዘብ ካልከፈላችሁ ምስጢራችሁን አወጣለሁ» እያለ ሕሙማኑን አስፈራራ። ይህ በሀብታም አገር የደረሰ ነው። በእኛ ዘንድ ምስጢር የሚያመልጠው ከዚህ በቀረበ ቀዳዳ ነው። ስልኩ የማን ነው? በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ የምትናገርበት ስልክ የአሠሪዋ ሊሆን ይችላል። በመጠለያ ያለች ሴት ከልጆቿና ከአማቷ ጋር በአንድ ድንኳን ተቀምጣ ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ቢላት፥ «ደኅና ነኝ» ከማለት በቀር ምን ትላለች? ሐኪሙም ደኅና ናት ብሎ ይጽፋል! በክሊኒኩ ቢሆን ተነሥቶ በሩን ይዘጋው ነበር። እንግዲህ ሕመሟን ከመጠየቁ አስቀድሞ አጠገቧ ሰው እንዳለ መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄውም «አዎን» ወይም «የለም» ብላ ልትመልሰው የምትችል ይሁን።

ከዚህ የሚብሰው የመስመሩ መቋረጥ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን ታላላቆቹ የስልክ ድርጅቶች አገልግሎታቸው ተቋርጦ፥ አብዛኛው አገር ከዓለም ተለይቶ ነበር። ነጋዴ መስመር ቢቋረጥበት ይናደዳል፤ ነገ ደግሞ ይደውላል። መሞት እንደሚፈልግ ገና መናገር የጀመረ ወጣት ግን ዝም ያለውን ስልክ ይዞ ብቻውን ይቀራል። የሰውን ቍስል ከፍቶ የሚሸፍነው ሳያዘጋጁ መጀመር፥ በእኔ አስተያየት፥ ከሐኪም የማይጠበቅ ድፍረት ነው። ሐኪሙ ገና ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው ያለበትን ስፍራና በቅርብ የሚደርስለትን ሰው ማወቅ ይገባዋል፤ ያንንም ሰው ሕመምተኛው ራሱ ይምረጠው።

ያ የቅርብ ሰው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ልጅ በአዲሱ አገር ከወላጆቹ ቀጥሎ በስሙ የሚጠራው መምህሩ ነውና። ነገር ግን ማርክ የሚሰጥ ሰው የተማሪውን ምስጢር ሲይዝ በልጁ ላይ ሁለት ሥልጣን ይኖረዋል፤ ልጁም ይህን ሲያውቅ ለሐኪሙም መናገር ይተዋል። ስለዚህ መምህሩ ከሐኪሙ ሊቀበል የሚገባው፥ አደጋ ቢመጣ ማንን እንደሚጠራና ልጁን ወዴት እንደሚያደርሰው ብቻ ነው። ልጁ ምን እንዳለ አይጠይቅ፤ ሐኪሙም አይንገረው።

ከትምህርት ሹማምንት የምለምነው አነስተኛ ነገር ነው። ስደተኛ ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት በሩ በደንብ የሚዘጋ አንድ ክፍል፥ በሳምንት ለጥቂት ሰዓቶች፥ ለዚህ አገልግሎት ይለቀቅ። ዕቃ ቤትም ቢሆን ይበቃል። የገባው ልጅ ስም ግን በትምህርት ቤቱ መዝገብ አይጻፍ።