ለማቅለጫ ምድጃ የቀለለ ድንጋይ


ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ድንጋይ ነው። አትሳቁ፤ ዞሮ ዞሮ ሕፃናት ክፍል ያደርሰናል።

ድንጋዩ ሴሩሳይት ይባላል፤ የእርሳስ ካርቦኔት ነው። እርሳስ በአብዛኛው የሚገኘው ጋሌና ከሚባል፣ ከድኝ ጋር ከተጣመረ ማዕድን ነው። ጋሌና ለምድር ገጽ ቀርቦ አየርና ውሃ ሲያገኘው ቀስ እያለ ወደ ሴሩሳይት ይለወጣል። ለአቅላጭ ይሄ ሲሳይ ነው። ጋሌናን መጀመሪያ ቆልቶ ድኙን ማባረር ያስፈልጋል፤ ሴሩሳይት ግን ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በቀላሉ ይወጣለታል፣ ከዚያ በከሰል እሳት እርሳሱ ይለያል። በዛምቢያ ካብዌ እስከ 1994 እ.ኤ.አ. እርሳስና ዚንክ ሲመረት ሴሩሳይት አንዱ የእርሳስ ምንጭ ነበር።

እንግዲህ ኬሚስትሪውን ወደ ጨጓራ አምጡት። ካርቦኔት አሲድ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን የጨጓራ ክኒን ያዘዘ ሁሉ ያውቃል። ጋሌና በጨጓራ አሲድ በቀላሉ አይሟሟም፤ ሴሩሳይት ግን ይሟሟል። ሕፃን ልጅ ደግሞ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ ዛምፋራ የሆነው ይኸው ነው። ሰዎቹ የፈለጉት ወርቅ ነበር። ወርቁን የያዘው ድንጋይ ግን ብዙ እርሳስ ነበረበት፤ ከፊሉም ካርቦኔት። ድንጋዩ በእህል ወፍጮ፣ እዚያው መኖሪያ ግቢ ውስጥ ተፈጨ። ልጆቹ አቧራው ላይ ተጫወቱ፣ እጃቸውን ወደ አፋቸው ከተቱ። ከ400 ያላነሱ ሕፃናት ሞቱ።

እኛም ራሱን የሳተ፣ የሚያንቀጠቅጠው ልጅ ሲመጣልን ወባ ወይም ማጅራት ገትር እንላለን። ማለትም አለብን። ግን ወርቅ በባህላዊ መንገድ በሚወጣበት፣ አሮጌ የመኪና ባትሪ በሚፈታበት አገር ስንሠራ «አባቱ ምን ይሠራል? ግቢያችሁ ውስጥ ምን ይፈጫል፣ ምን ይቀልጣል?» ማለትም አለብን። እርሳሱን ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ፤ አንጎል ላይ የደረሰውን ጉዳት ግን አይመልስም። ልጁ ወደዚያው አቧራ ከተመለሰም ልፋታችን ከንቱ ነው። ዛምፋራ ላይም ሕክምናው የተሳካው ግቢዎቹን ከማጽዳት ጋር አብሮ ሲሄድ ነው።

ስለዚህ አደራ፣ ሂስትሪ ስትወስዱ የቤተሰቡን ሥራ ሳትጠይቁ አትለፉ። ለተማሪዎቻችሁም አስተምሩ።