አቀንጭራው ከመታየቱ በፊት
ስለ ህዋስና ስለ ሕያዋን አደረጃጀት የቀረበ ዲስኩር



በክረምቱ መውጫ በወረዳችን በሀብሩ ወደ ግራና ቆላ የወረደ ሰው በማሽላው መሐል ሐምራዊ አበባ ያወጣ ትንሽ ተክል ያያል። ለመንገደኛ ያምራል፤ የማሳውን ባለቤት ግን ፊቱን ያጠቁረዋል። አቀንጭራ ነው። የዛሬው ርእሴ ህዋስ ሆኖ ሳለ በአቀንጭራ የጀመርኩት በምክንያት ነው። አበባው ለዓይን በደረሰ ጊዜ አብዛኛው ጉዳት ከተፈጸመ ሳምንታት አልፈዋል። የተፈጸመውም ከአፈር በታች፣ ዓይን በማይደርስባቸው ህዋሳት መካከል ነው። ስለዚህ የህዋስ ትምህርት የማሳችን ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ንግግሬም በሙሉ ይህንን ለማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ህዋስ ምንድን ነው? ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1665 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በማይክሮስኮፕ የተመለከተውን የቡሽ ስስ ቁራጭ ሥሎ አሳየ። ያየው ብዙ ጥቃቅን ባዶ ክፍሎችን ነበር፤ የሞቱ ህዋሳት ግድግዳ ብቻ ቀርቶ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሆላንዳዊው ሊዩዌንሁክ በውኃ ጠብታ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረታትን አየ። በ1838 ሽላይደን ስለ እጽዋት፣ በ1839 ሽቫን ስለ እንስሳት ጽፈው እጽዋትም እንስሳትም በህዋስ የተገነቡ መሆናቸውን አስታወቁ። በ1855 ደግሞ ቪርኾ ህዋስ የሚወለደው ከህዋስ ብቻ ነው የሚለውን አሳብ አጸና። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምናስተምረው መሠረተ አሳብ ይህ ነው፦ ሕያው ነገር ሁሉ በህዋስ የተሠራ ነው፤ ከህዋስ ያነሰ የሕይወት አሃድ የለም፤ እያንዳንዱ ህዋስም ወላጅ ህዋስ አለው።

አሁን አንድ የማሽላ ተክል በሐሳባችን እንንቀል። ዝርያው ጅጉርቲም ይሁን ደጋሊት፣ ነገሩ አንድ ነው። የቅጠሉ ህዋስ በስስ ሽፋን ተከልሏል፤ ሽፋኑ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመርጣል። በውስጡ የዘር መመሪያውን፣ ማለትም በራሂዎቹን የያዘው ኑክለስ አለ። ማይቶኮንድሪያ ከምግብ ጉልበት ያወጣል። ክሎሮፕላስት በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል። ይህን ሁሉ ጠንካራ ግድግዳ ያቅፈዋል። የሥሩ ህዋስም ያንኑ የዘር መመሪያ ይዟል፤ ክሎሮፕላስት ግን የለውም፤ በጨለማ ይኖራልና። አንዱ መመሪያ በየቦታው በተለያየ መንገድ ስለሚነበብ ህዋሳት ሥራ ይከፋፈላሉ።

የሕያዋን አደረጃጀት የሚጀምረው ከዚህ የሥራ ክፍፍል ነው። ተመሳሳይ ሥራ ያላቸው ህዋሳት ተባብረው ሕብረ ህዋስ ይሆናሉ። በሥሩ ላይ የውጭው ሽፋን አንድ ሕብረ ህዋስ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው እያንዳንዱ የሥር ፀጉር የአንድ ህዋስ ቅጥያ ሲሆን፣ ውኃና ማዕድን ይስባል። መሐል ላይ ያሉት የውኃ ቧንቧዎች ደግሞ ለሥራቸው ሲደርሱ ሞተው ውስጣቸው ክፍት የሆነ ህዋሳት ናቸው። ልዩ ልዩ ሕብረ ህዋሳት ተደራጅተው ሥርን፣ ግንድንና ቅጠልን ይሠራሉ፤ እነዚህ ክፍለ አካላት ተያይዘው አንድ ማሽላ ይቆማል። ማሽላዎቹ፣ አረሙ፣ በአፈር ውስጥ ያለው ፈንገስና ባክቴሪያ፣ ገበሬውም ጭምር አንድ ላይ ሥነ ምህዳሩን ይመሠርታሉ።

አቀንጭራ ጥቃቱን የሚፈጽመው ይህንን ሥርዓት ተከትሎ ነው። ፎስፈረስ ያነሰው የማሽላ ሥር ስትሪጎላክቶን የሚባል ቅመም ወደ አፈር በብዛት ያወጣል። ይህ ቅመም ለሥሩ ማዕድን የሚያቀብሉ ፈንገሶችን የሚጠራ የደቦ ጥሪ ነው፤ አቀንጭራም ጥሪውን ይሰማል። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰችው ዘሩ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳትሞት ልትቆይ ትችላለች። በቂ ስንቅ ስለሌላት ያለ ጥሪ አትበቅልም፤ በቅላም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥር ካላገኘች ትሞታለች። ሥሩን ስትነካ ግን የጫፏ ህዋሳት ያብጡና መያዣና መምጠጫ አካል ይሆናሉ። ይህ አካል በማሽላው ህዋሳት መካከል ሰርጎ ከውኃ ቧንቧው ጋር ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ማሽላው የሳበውን ውኃና ማዕድን፣ የሠራውንም ስኳር አቀንጭራው ይካፈላል፤ ከሚወስደው በላይም እድገቱን ያቀጭጨዋል። ገበሬው ደካማ መሬት ላይ አቀንጭራ እንደሚበረታ ከጥንት ያውቃል፤ ምክንያቱ ያ ጥሪ ነው።

መፍትሔው የተገኘውም እዚያው ነው። ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ጥሪውን እጅግ የሚቀንሱ የማሽላ ዘሮችን ለይተው፣ ጥሩ ምርት ከሚሰጡት ጋር አዳቀሉ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ከዚህ ሥራ ወጥተው ለኢትዮጵያ ገበሬ ደረሱ። ፕሮፌሰሩ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቡድናቸው ከዚህ መቋቋም በስተጀርባ ያለውን በራሂ አሳወቀ፤ በራሂው ሲጎድል ሥሩ የሚያወጣው የቅመም ዓይነት ይለወጣል፤ አዲሱ ቅመም አቀንጭራን በደንብ አይቀሰቅስም። በአንድ ህዋስ መመሪያ ውስጥ ያለች ትንሽ ለውጥ የአንድን ቤተሰብ ጎተራ ትወስናለች። በዚሁ በወረዳችን ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ለቆላማው ወሎ የሚስማማ ማሽላ ሲያጠና የኖረ ነው።

የሰው አካልም በዚሁ ሥርዓት ይመራል። ቆላችንን የሚያውከው የወባ ተውሳክ ራሱ አንድ ህዋስ ነው። በትንኝ ንክሻ ገብቶ መጀመሪያ በጉበት ህዋሳት ይባዛል፤ ቀጥሎ ወደ ቀይ የደም ህዋሳት ይገባል። በአገራችን ዋነኞቹ የወባ ዓይነቶች በየ48 ሰዓቱ ገደማ ህዋሱን አፍንድተው ይወጣሉ፤ የብርዱና የትኩሳቱ መፈራረቅ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ ትኩሳቱ ሲበርድ መድኃኒቱን ማቋረጥ ስህተት ነው፤ ተውሳኩ በሌሎች ህዋሳት ውስጥ ገና አለና።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለአርሶ አደሮች፦ አቀንጭራን አበባው ዘር ሳይዝ ንቀሉ፤ አንዱ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናልና። መሬቱን በፍግና በኮምፖስት አበርቱ፤ ሥሩ ሲጠግብ ጥሪው ይቀንሳል። ሰብል አፈራርቁ፤ እንደ ጥጥ ያሉት ሰብሎች የአቀንጭራን ዘር ቀስቅሰው ያበቅሉታል፣ ሥራቸው ግን ስለማይመግበው ይሞታል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ የሚቋቋም ዘር ከነቀላና ከአፈር እንክብካቤ ጋር ሲሄድ ነው ማሳው የሚያገግመው።

ለመምህራን፦ ህዋስን ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ አታስተምሩ። የሽንኩርት ስስ ሽፋን፣ የአዮዲን ጠብታና አንድ ማይክሮስኮፕ ካለ ተማሪው ግድግዳውንና ኑክለሱን በገዛ ዓይኑ ያያል። ከዚያ ወደ ማሳ አውጡት፤ የማሽላ ሥር በጥንቃቄ ቆፍሮ የአቀንጭራን መጋጠሚያ ይመልከት። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በወልድያና እዚህ በመርሳ ቤተ ሙከራና ባለሙያ አለው፤ ትምህርት ቤቶቻችን በሩን ያንኳኩ፣ ዩኒቨርሲቲውም በሩን ይክፈት።

ለተማሪዎች፦ የገቢሳ እጄታ ግኝት የጀመረው የማሽላን ሥር በትዕግሥት ከመጠየቅ ነው። ያ ማሽላ በደጃችሁ አለ። ጠይቁት።