ማማ ላይ የቀረው ዜማ
(በማኅበራችን የጥቅምት ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

  

የተከበራችሁ እናቶቼና እህቶቼ፣ እናንተ እኔን የምታውቁኝ በሒሳብ መዝገብ ነው። ልናገር ስነሣ አንዳንዶቻችሁ የቁጠባ ደብተራችሁን ከቦርሳ ስታወጡ አይቻለሁ። አብሽሩ፣ ዛሬ ስለ ውዝፍ አላወራም። የወሩን ሒሳብ ሊቀመንበራችን ከቡና በኋላ ታሰማናለች። በየስብሰባው አንዳችን ስለምንወደው ነገር እንድንናገር በተስማማነው መሠረት ዛሬ ተራው የእኔ ነው። የመረጥሁት የጥቢን ዜማ ነው። ክረምቱ ወጥቶ እህሉ ጎተራ እስኪገባ ባሉት ወራት በክራር፣ በማሲንቆ፣ በዋሽንት ወይም ያለ ምንም መሣሪያ በባዶ ድምፅ የሚዜመውን ማለቴ ነው።

በቀን መቁጠሪያችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መጸው ይባላል። ገበሬው ጥቢ ይለዋል። በአፋን ኦሮሞ ብራ ነው። አማርኛ ተናጋሪውም ደመናው ሲገፈፍ «ሰማዩ ብራ ሆነ» ይላል። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ቃል የሚገናኙበት ወቅት ነው። እኛ ከሚሴዎች ሁለቱንም በአንድ አፍ ስለምንናገር ይህ አይደንቀንም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ወቅት ቅጠሉ የሚረግፍበት፣ ቀኑ የሚያጥርበት ነው። ስለዚህ ሰዉ ቤቱ ገብቶ በአንድ ጊታር የሚዜም ለስለስ ያለ ዘፈን ቢወድ አይፈረድበትም። በእኛ አገር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አደይ አበባ የሚፈካው፣ ማሽላው የሚያሸተው፣ የቦርከና ውኃ ድፍርሱ የሚጠራው አሁን ነው። ሜዳው ሁሉ በደስታ በተሞላበት ወቅት እናቶቻችን የሚያዜሙት ዜማ ለምን ሆድ ያባባል? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። መልሱን ያገኘሁት ከራሴ እናት ነው፤ እሱም ከዘገየሁ በኋላ።

ያደግሁት ከከተማችን ወደ ጨፋ ሜዳ በሚወስደው በኩል ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። ማሽላ ማሸት ከጀመረ ግሪሳ እንዴት እንደሚጨርሰው ታውቃላችሁ። ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ማማ ላይ ሰው መጥፋት የለበትም። አባቴ ሌላ ሥራ ላይ ሲሆን ጥበቃው የእናቴና የእኛ የልጆቹ ነበር። እኛ ወንጭፍ እናጮሃለን፤ እሷ ታዜማለች። ዜማው ወፉን ለማባረር አይመስለኝም ነበር፤ ለዚያ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ ነው። ከጎረቤት ማሳ ማማ ላይ ያለች ሴት አንዳንዴ ተቀብላ ትመልስላታለች። ማሽላው መካከል ሆነው ሁለት ሴቶች ሳይተያዩ ይዘፍናሉ።

የምታዜመው ለወንድሟ ነበር። አጎቴ በ1977 ድርቅ ጊዜ ከወሎ ለሰፈራ ወደ ምዕራብ ከተወሰዱት እጅግ ብዙ ሰዎች አንዱ ነው። ወለጋ ገባ፤ እዚያው ትዳር ያዘ፤ እዚያው ወለደ። እናቴ እህል በደረሰ ቁጥር ታነሣዋለች። ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ይገባኛል። አዝመራ ሲደርስ ቤተሰብ ይቆጠራል። አብሮ የዘራ ሁሉ አብሮ አያጭድም። የጥቢ ዜማ ሆድ የሚያባባው በዚህ ይመስለኛል፤ ሞልቶ እያለ የጎደለውን ስለሚያስታውስ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ኮሌጅ እያለሁ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ከጓደኞቼ ጋር በተከራየነው ቤት ዕቃ እያጠበችልን ታንጎራጉር ጀመር። «እማ፣ ኧረ ሰው ይሰማሻል» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች። ከዚያ በኋላ እኔ ባለሁበት ብዙም አላዜመችም። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ሳስብ ፊቴ ይግላል።

ከአራት ዓመት በፊት ኅዳር ላይ ቤቷ ሄጄ ቡና ስታፈላ ሳታውቅብኝ ስልኬን ከፈትሁ። ያንን ዜማ ይዛ ነበር። አርባ አንድ ሰከንድ ቀዳሁ። በአርባ አንደኛው ሰከንድ የራሴ ድምፅ ይገባል፦ «እማ፣ ቡናው ገነፈለ!» ቀረጻው እዚያ ላይ ያበቃል። በዓመቱ እናቴ አረፈች፤ አላህ ይርሐማት። ሌላ ቅጂ የለኝም።

አምና የአጎቴ ልጅ ከነቀምት ደወለችልኝ። በአካል ተገናኝተን አናውቅም። አባቷ ከዚህ ዓለም ከተለየ ቆይቷል። ጥቅምት ሲገባ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚያንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረችው፤ «የእኅቴ ናት» ይላቸው ነበር። መጨረሻዋን ግን ራሱም ረስቶት ነበርና ልጆቹን ማስተማር አልቻለም። «አንቺ ጋ አለች ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ያለኝ አርባ አንድ ሰከንድ ብቻ ነው። እሱንም ላክሁላት። ሰምታ አለቀሰች፤ ከዚያም «ቀሪውስ?» አለችኝ። እህቶቼ፣ ብዙ ኦዲተር ፊት ቆሜ አውቃለሁ፤ እንደዚያ መልስ ያጣሁበት ቀን ግን የለም።

ቀረጻውን ክራር ለሚጫወት አንድ መምህር አሰማሁት። ክሮቹን ጥቂት ካስተካከለ በኋላ ተከትሎ መጫወት ጀመረና «ይሄማ ባቲ ነው» አለኝ። እኔ ባቲ ሲባል የማውቀው የሰኞውን ገበያ ነው፤ የአፋሩ ግመል፣ የኦሮሞውና የአማራው እህልና ከብት የሚገናኝበትን። መምህሩ ግን አስረዳኝ። የአገራችን ባህላዊ ዘፈን አራት ዋና ዋና ቅኝቶች አሉት፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። ክራር ስድስት ክር ቢኖረው ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይደግማል። ክሮቹን ጠበቅ ወይም ላላ በማድረግ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ይኬዳል። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው አገር ስም ነው። ባቲ ደግሞ የእኛው ዞን ከተማ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎን አገር ስም ይዘዋል፤ አንዱም የራሳችንን ጎረቤት። በሬዲዮ በየቀኑ የምንሰማው ዜማ ስሙ ከእኛ ሰፈር መሆኑን ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ልጆቼ ሲተኙ እነዚህን ዜማዎች እየፈለግሁ እሰማለሁ። በጥቢ የሚስማማው መሣሪያ ያልበዛበት ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል ያገራችን ሰው፤ እኛ ቆላ ሆነን እንኳ የጥቅምት ሌሊት ይበርዳል። በዚያ ብርድ ጋቢ ለብሶ የሚሰማ ድምፅ ትንሽ ይበቃዋል። ማሲንቆን ተመልከቱ፤ ቁርበት የለበሰ ሣጥንና ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ነው። በዚያች አንዲት ክር ሰው ሲያለቅስም ሲስቅም ይሰማል። ዋሽንቱ ከሸምበቆ የሚሠራ፣ አራት ቀዳዳ ያለው የእረኛ መሣሪያ ነው።

ሴቶችም በዚህ ሙያ ወደ ኋላ አላሉም። ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ክራር ራሳቸው እየመቱ የዘፈኑ ናቸው። አስናቀች የመድረክ ተዋናይም ነበረች፤ ያረፈችው በመስከረም 2004 ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ሥራው አንዱን ሙሉ አልበም ለእሷ ሰጥቷል። የወሎዋን ማሪቱ ለገሠን የማያውቅ እዚህ የለም፤ ከወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን ወጥታ አምባሰልን በመላ አገሪቱ ያስወደደች ናት።

የእነሱ ድምፅ ተቀርጿል፤ አይጠፋም። የእምነቱም ዜማ ጠባቂ አለው። ክርስቲያን እህቶቼ፣ እናንተ በዚህ ወቅት ከመስከረም 26 ጀምሮ በጽጌ ወራት ሌሊቱን ማሕሌተ ጽጌ ላይ ታድራላችሁ፤ እሱን የሚያስተምር መሪጌታ አለ። የእኛ መንዙማም ሼኹ ለደረሳው ያስተላልፈዋል። የማሽላ ማማ ዜማ ግን ተማሪ ቤት የለውም፤ ካሴትም የለውም። የወፍጮው፣ የአጨዳው፣ የእሽሩሩው እንዲሁ። የነበረው በእናቶቻችን ደረት ውስጥ ነው። እነሱ ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱብን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ነሐሴ በማኅበራችን ቡና ላይ ያቺን አርባ አንድ ሰከንድ ከፍቼ አሰማኋችሁ። ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። «ቡናው ገነፈለ» ሲል ሁላችሁም ሳቃችሁ። ከሳቁ መካከል ግን በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት እናታችን አልሳቁም። ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እናቴ ካቆመችበት ቀጠሉት። ቃሉ ትንሽ ይለያል፤ የእሳቸው በአርጡማ በኩል ሲዜም የሰሙት ነው። ዜማው ግን ያው ነው። የእኔ እናት የወንድሟን ስም የምታስገባበት ቦታ ላይ እሳቸው የሌላ ሰው ስም አስገቡ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ያን ዕለት ቀዳሁት። ነቀምትም ላክሁት። ልጅቷ በማግስቱ የራሷን ድምፅ ቀድታ መለሰችልኝ፤ ለልጇ እያዜመችለት። አነጋገሯ የወለጋ ነው፤ ዜማው የእኛ ማማ ነው።

ከዚህ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። እናቴ የተወችልኝ ዜማ የእሷ ብቻ አልነበረም። ቀሪው በሌላ ሴት ቤት ነበር። እኔ ዘንድ የጎደለው እናንተ ዘንድ፣ እናንተ ዘንድ የጎደለው ምናልባት ባቲ ወይም ጅሌ ጥሙጋ ያለች አንዲት እናት ዘንድ ይገኛል። ቁጠባችንም እንዲሁ ነው የተጀመረው፤ አንዳችን ብቻችንን ምንም የማንገዛበትን ብር አንድ ላይ ስናደርገው ወፍጮ ገዛን።

ስለዚህ ለስብሰባው ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ እያንዳንዳችን ከእናታችን፣ ከአማታችን ወይም ከአንዲት አሮጊት ጎረቤት ቢያንስ አንድ ዜማ በስልካችን እንቅዳ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ እኔ ተደብቄ የቀዳሁት ትክክል አልነበረም። ሬዲዮውን ዝጉ፤ ስልኩን ጠጋ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መጀመሪያ ላይ የዘፋኟን ስም፣ አገሯን፣ ቀኑንና ዜማው ለምን ሥራ እንደሚዜም ተናገሩ። ቡናውን ደግሞ ቀድማችሁ ከእሳት አውርዱት።

ሁለተኛ፣ የተቀዳው ሁሉ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። አንድ ሚሞሪ ካርድ በማኅበሩ ሣጥን፣ አንድ በጸሐፊዋ እጅ። ዝርዝሩን እኔ በመዝገብ እይዛለሁ፤ ለገንዘባችን ከያዝሁት መዝገብ ባላነሰ ጥንቃቄ።

ሦስተኛ፣ በዓመቱ መዝጊያ ግብዣችን ላይ። አምና ለድምፅ ማጉያ ኪራይ ከፈልን፤ ደረሰኙን እኔው አስገብቻለሁ። ጩኸቱ ሲበዛ እናቶቻችን ራሳቸውን ይዘው በጊዜ ወጡ፤ እኛም ሳንነጋገር ተለያየን። ዘንድሮ ማጉያው ይቅርና በዚያው ገንዘብ ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ሰው እንጥራ። ወጣቶቹ መጨፈር ከፈለጉ ከበረካ በኋላ ይጨፍሩ፤ ማንም አይከለክላቸውም። አቦልና ቶና ግን ለእናቶቻችን ድምፅ ይሁን።

ይህን የማቀርበው ማኅበሩ ስላልተከፈለው ዕዳ አይደለም። ዕዳው የእኔ ነው፤ አንዲት ሴት ዕቃ እያጠበች ስታዜም ዝም ያስባልኋት እኔ ነኝ። ከእናንተ መካከል እናቷ በሕይወት ያለች ብትኖር፣ ዛሬ ማታ ቤቷ ስትገባ ሄዳ ትጠይቃት። «እማ፣ ማማ ላይ የምታዜሚያት ያቺ እንዴት ነበር የምትለው?» ትበላት። እኔ የምሰጠው ይኼን ነው፤ የምጠይቃትስ የለችኝም።

  አላህ ሁላችንንም ለከርሞው ጥቢ በሰላም ያድርሰን።