በሽታውና የበሽታው ሥጋት
(በሬድዮ የተደረገ ንግግር)



በመርካቶ አጠገብ አማኑኤል የተባለውን ሠፈር የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። በዚሁ ሠፈር፣ በዚሁ ስም የሚጠራው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ ሕመምተኞችን ሲረዳ ኖሯል። ይሁን እንጂ በከተማችን አነጋገር «እገሌ አማኑኤል ገባ» ማለት የሐሜት ቃል ሆኖ ቀርቷል። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዛሬው ንግግሬ በደም ውስጥ ሳይኖር በአሳብ ውስጥ ስለሚኖር በሽታ ነውና።

ለምሳሌ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ እናስብ። ደመወዝ በተቀበለበት ምሽት ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት አምሽቶ ከአንዲት ሴት ጋር ተገናኘ። መሳሳምና መተቃቀፍ ሆነ፤ ከዚያም ያለፈው በኮንዶም ነበር፤ ኮንዶሙም አልተቀደደም። በማግሥቱ ግን እንቅልፍ አጣ። ተመረመረ፤ ነፃ ነህ ተባለ። ቃሉን አላመነም፤ በሌላ ክሊኒክ ተመረመረ። ምግብ ስለ ተወ ከሳ፤ መክሳቱንም የበሽታው ምስክር አደረገው። ከባለቤቱ ሸሸ፤ እርስዋም የሸሸበትን ምክንያት ስላላወቀች ሌላ ነገር ጠረጠረች። እንግዲህ ቫይረሱ ያልገባበትን ቤት ሥጋቱ ሊያፈርሰው ነው።

ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። በአገራችን ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ከተወሰደ ደም ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሕመምተኞች በ1986 ዓ.ም. ተመዘገቡ። መድኃኒቱ በነፃ መታደል እስከ ጀመረበት እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ወገኖቻችንን ቀብረናል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ያን ዘመን ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ድንጋጤን የሚመራው ዕውቀት መሆን አለበት።

ዕውቀቱም ይህ ነው። ኤች አይ ቪ የሚተላለፈው በደም፣ በወንድ ዘርና በሴት ብልት ፈሳሽ፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ ነው፤ ምራቅ፣ ላብና እንባ አያስተላልፉትም። በሚገባ የተደረገና ያልተቀደደ ኮንዶም ለቫይረሱ መንገድ አይሰጥም። ያለ ኮንዶም ከሆነም፣ ሊቃውንት እንደሚገምቱት፣ ቫይረሱ ካለባትና መድኃኒት ከማትወስድ ሴት ጋር አንድ ጊዜ ከተገናኙ 10,000 ወንዶች የሚያዙት 4 ያህል ናቸው፤ በዚሁ ዓይነት ከተገናኙ 10,000 ሴቶች 8 ያህል። ይህን መናገሬ ለመዳፈር ፈቃድ ለመስጠት አይደለም፤ ግንኙነቱ ሲደጋገም ወይም ሌላ የአባለ ዘር በሽታ ሲኖር አደጋው ይጨምራልና። ደግሞም መድኃኒቱን በደንብ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው አያስተላልፍም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ኮንዶም ሳይኖር ወይም ተቀድዶ ግንኙነት የተደረገ እንደ ሆነ፣ 72 ሰዓት ሳያልፍ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሐኪሙ ካመነበት ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ያዝዛል፤ ፈጥኖ የጀመረ የበለጠ ይጠቀማል። ከዚህ ቀጥሎ ምርመራ ነው። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ 3 ወር ካለፈ በኋላ ነፃ ካለ፣ ነገሩ አበቃ። ትኩሳትና ድካም ግን ለጉንፋንም ለጭንቀትም የጋራ ስለ ሆኑ ዳኛ ሊሆኑ አይችሉም።

ከዚህም በኋላ ፍርሃቱ ካልለቀቀ፣ ጥያቄው የደም መሆኑ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ የሕሊና ወቀሳ የበሽታ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ባለቤቱን የበደለ ሰው ዕዳው በይቅርታ ይከፈላል፤ አማኝም ከሆነ የነፍስ አባቱ አለ፤ ላቦራቶሪ ግን ኃጢአት አያስተሰርይም። ወቀሳም ሳይኖር ጥርጣሬው ብቻ የሚመላለስበት ሰው ደግሞ አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው እያንዳንዱ አዲስ ምርመራ የአንድ ቀን ዕረፍት ይሰጠውና፣ በማግሥቱ ጥርጣሬው በርትቶ ይመለሳል። ይህ የታወቀ የጭንቀት ሕመም ነው፤ በምክርና ባስፈለገም ጊዜ በመድኃኒት ይታከማል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሄዶ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ለጥርስ ሕመም ሐኪም መፈለግ ካላሳፈረ፣ ለማይተኛ አሳብ ሐኪም መፈለግም ሊያሳፍር አይገባም። ያ ጸሐፊም ሦስቱ ወር ካለፈ በኋላ የመጨረሻውን ውጤት ይቀበል፤ ከዚያም ወደ ሌላ ክሊኒክ ሳይሆን ወደ ቤቱ ይሂድና ከባለቤቱ ጋር ይነጋገር።